ከእርሻው የወጣው ቅምቡላ

ቦጋለ ሚኒሶታ፣ ቡርንስቪል ውስጥ የሚኖርበት አፓርታማ የጥገና ሠራተኛ ነበር። ቧንቧ ሲደፈን፣ ማሞቂያ አልሞቅ ሲል፣ ቁልፍ ሲጠፋ የሚንኳኳው የእሱ በር ነው። ስለዚህ እንደ ፈረንጆቹ በ2004፣ በሜይ ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቡርሃን የሽቦ ብሩሽ ሊዋስ ሲመጣ ምንም አልጠረጠረም።

ቡርሃን የወሎ ልጅ ነው። አፕል ቫሊ ይኖራል፤ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል። አምና የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ከገዛ ወዲህ ግን ሥራ በሌለው ቀን ሁሉ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፍቶ በየእርሻው ሲዞር ይውላል። መሣሪያው ሲጮህ ይቆፍራል። ሚስቱ ዘይና «የሞተ ሰው ዕቃ ቤቴ አታግባብኝ» ብትለውም ሰምቷት አያውቅም።

ጠረጴዛው ላይ ፎጣ ዘርግቶ ያገኘውን ደረደረ፤ ንስር የተቀረጸበት የወታደር ኮት ቁልፍ፣ የዛገ የቀበቶ ዘለበት፣ ሦስት የጥይት ቀለህ።

«ሊፈርስ ከተዘጋጀ የገበሬ ቤት ጓሮ ነው ያወጣኋቸው፤ ባለቤቱ ፈቅዶልኛል» አለ። «ብሩክሊን ፓርክ የድሮ የጦር ዕቃ የሚያውቅ ፈረንጅ አለ። ገና ሲያየው የየትኛው ጦርነት እንደሆነ ይነግርሃል። ከሰዓት ዘይናንና ልጄን ይዤ ወደዚያው ነኝ።»

ቦጋለ አንዱን ቀለህ አንስቶ ቂጡን በአውራ ጣቱ ጠረግ ጠረግ አደረገው። «ይሄ የጠመንጃ ነው፤ እነዚህ ሁለቱ የሽጉጥ ናቸው» አለ። ወዲያው ምላሱን ነከሰ።

«እንዴት አወቅህ ጋሼ?»

«እንዲያው ይመስላል ብዬ ነው።»

ሚስቱ እህተማርያም ዕቃ ማጠቧን ትታ ዞር ብላ አየችው። በዚህ አገር ቦጋለ ወታደር እንደነበረ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ ልጃቸው ቤዛዊት እንኳ አታውቅም። ስድስት ዓመት በመሐንዲስ ጦር ውስጥ ፈንጂ ሲቀብርና ሲያወጣ ነው የኖረው። ሠራዊቱ ሲበተን ሱዳን ገባ። ስደተኞች ካምፕ ፎርም ሊሞላ ሲሰለፍ ከፊቱ የቆመው ሰው «ወታደር ነበርኩ ካልህ ማንም አይቀበልህም» አለው፤ ቦጋለም «የመጋዘን ጠባቂ» ብሎ ጻፈ። ያ ቃል ከወረቀት ወረቀት እየተገለበጠ ሚኒሶታ ድረስ ተከተለው። ለዜግነት ማመልከት ዓመታት የፈራውም በዚሁ ምክንያት ነበር። በመጨረሻ እህተማርያም ወጥራ ይዛው አመለከተ። ቃለ መጠይቁ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

«ትልቁ ግን መኪና ውስጥ ነው» አለ ቡርሃን። «ዝገቱን በመዶሻ መታ መታ ባደርገው አልለቅ አለኝ። ብሩሹን የፈለግሁት ለእሱ ነው።»

«ምን ይመስላል?»

«ዓሣ ነው የሚመስለው። ጅራቱ ላይ ክንፍ አለው።»

ቦጋለ የያዘውን ቀለህ ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«በመዶሻ መታሁት ነው የምትለኝ?»

የጫማውን ተረከዝ እየረገጠ ደረጃውን ወረደ። ፀሐይ ወጥቶ ስለነበር ፓርኪንጉ በልጆች ተሞልቷል፤ በመኪኖቹ መሐል ብስክሌት ይነዳሉ። አንዲት ትንሽ ልጅ የቡርሃንን ታክሲ የኋላ መከላከያ ተደግፋ የጫማዋን ክር ታስራለች። ቦጋለ አባብሎ ካስነሣት በኋላ ቁልፉን ከቡርሃን ተቀብሎ ትራንኩን ራሱ ከፈተ። ክሪኩ አጠገብ አሮጌ ብርድ ልብስ ተጠቅልሏል፤ ጫፉን በሁለት ጣት ገለጥ አደረገው።

ብረቱን አልነካውም። ጎንበስ ብሎ፣ ትንፋሹን ውጦ ተመለከተ። አፍንጫው ላይ ያለው የማፈንጃ ፊውዝ ዝጓል እንጂ አልተሰበረም። ወደ ጅራቱ ዞረ። በክንፎቹ መካከል አንዲት ትንሽ የናስ ክብ አለች፤ መሐሏ ጎድጎድ ብሏል። እሷን ሲያይ እጁን ቀስ ብሎ ሰበሰበ።

«ምንድን ነው ጋሼ?»

«የሞርታር ቅምቡላ ነው። እዚህች ጋ መርፌ መትቷታል፤ ታየህ? ተተኩሷል ማለት ነው። አፍንጫው ግን ደህና ነው። አልፈነዳም።»

«ታዲያ ከሸፈ አይደል? ሞቷላ!»

«ተተኩሶ ያልፈነዳ ነው ከሁሉም የሚከፋው። ምን ይዞት እንደቀረ አታውቅ፣ ምን እንደሚለቀው አታውቅ። ለልምምድ የተሠራ ባዶም ሊሆን ይችላል። ቀለሙን ዝገት በልቶታል፤ እኔ መለየት አልችልም።»

ቡርሃን ፊቱ አመድ መሰለ። «ከቤቴ ድረስ ነድቼው መጣሁ እኮ! ማታ ልጄ ተኝታ፣ ጋራዥ ውስጥ፣ እሷ ካለችበት ግድግዳ ወዲህ ነበር ያስቀመጥኩት።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወንዝ ውስጥ እንጣለው።»

«ፖሊስ ነው የሚጠራው።»

«ፖሊስ? ጋሼ፣ ስሜ ቡርሃን ነው! በዚህ ዘመን ቡርሃን የሚባል ባለታክሲ ትራንኩ ውስጥ ቦምብ ተገኘ ሲባል ማን ይሰማኛል?»

 ፖሊሱን ቦጋለም አልፈለገውም። ከመጡ «እንዴት አወቅህ?» ይሉታል። ከአፓርታማው ጀርባ ያለው ጫካ ታየው። ብርድ ልብሱን እንዳለ ታቅፎ ቀስ እያለ ቢሄድ፣ ጉድጓድ ምሶ አስተኝቶ አፈር ቢመልስበት፣ ማንም አያውቅ። እንዴት እንደሚያዝ እጆቹ አልረሱም። ሳያስበው ጎንበስ ብሎ ነበር። በዚህ መሐል አንድ ብስክሌት ሲጥ ብሎ ከጎኑ ቆመና የሚነዳው ልጅ አንገቱን አስግጎ ወደ ትራንኩ ለማየት ሞከረ።

«ግባ! ሁላችሁም ቤት ግቡ!» ብሎ ጮኸ ቦጋለ።

ልጆቹ ይህ ዝምተኛ ሰው ሲጮህ ሰምተው አያውቁም፤ ተበተኑ። ቡርሃንን ክንዱን ይዞ ከመኪናው አራቀውና ስልኩን አወጣ። ናይን ዋን ዋን ደወለ። አንዲት ሴት ቦታውን ጠየቀችው፤ ነገራት። ምን እንዳየ ጠየቀችው፤ ነገራት።

«ጌታዬ፣ ቦምብ መሆኑን እንዴት አወቁ?»

ቀና ሲል እህተማርያምና ቤዛዊት በረንዳ ላይ ቆመው ያዩታል።

«ወታደር ነበርኩ» አለ በእንግሊዝኛ። «ፈንጂ አወጣ ነበር።»

ፖሊሶቹ በደቂቃዎች ውስጥ ደረሱ። ሕንፃውን አስለቅቀው ነዋሪውን ከመንገዱ ማዶ ሣር ላይ አስቀመጡት። ቡርሃንን ግን ለብቻው የመንገድ ጠርዝ ላይ አስቀምጠው ሦስት ሆነው ከበቡት። ስሙን ሁለት ጊዜ አስደገሙት። አንደኛው እጁን ከሽጉጡ አላራቀም። ቦጋለ ይህን ሲያይ ማንም ሳይጠራው ሄዶ አጠገቡ ቆመ።

«ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር። እኔ ነኝ የነገርኩት። ባለ እርሻው ዘንድ ይደወል» አለ።

ተደወለ። ገበሬው ሟች ወንድሙ ወጣት ወታደር ሳለ ከልምምድ ሜዳ አንሥቶ ያመጣው እንደሚሆን፣ ድሮ የተጣለ ይመስለው እንደነበር ተናገረ። ቡርሃንን ለቀቁት፤ ለመነሣት ግን የቦጋለን እጅ መያዝ ግድ ሆነበት።

የቦምብ ቡድኑ አለቃ ቦጋለን አስጠርቶ ያየውን ሁሉ ወረቀት ላይ አስሣለው። የናሷን ክብ ሲሥል ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። «የት ነው ያገለገልከው?» ብሎ ጠየቀ። ቦጋለ ተናገረ፤ አንድ ፖሊስ ጻፈ። ቅምቡላውን በወፍራም ብረት ጋን ከትተው ወሰዱት። በማግስቱ አለቃው ደውሎ ድንጋይ መፍለጫ ቦታ ወስደው እንዳፈነዱት ነገረው። ባዶ አልነበረም።

ቅምቡላው በተወሰደበት ምሽት ቤዛዊት እራቷን ሳትነካ ተቀመጠች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ሁልጊዜ የምትመልስላቸው በእንግሊዝኛ ነበር። አሁን ግን በአማርኛ ጠየቀችው።

«አባዬ፣ ታወጣ ነበር አልክ። ትቀብርም ነበር?»

«እቀብርም ነበር።»

«የቀበርከው ሁሉ ወጥቷል?»

 እህተማርያም «ልጄ፣ ተይው» ስትል ቦጋለ በእጁ አስቆማት። «አላውቅም» አለ። «አንዳንዱን ራሴ አውጥቼዋለሁ። ሌላውን አላውቅም።»

ሰኞ ዕለት ጠበቃ ዘንድ ሄደ። ጠበቃዋ አዳምጣ ስትጨርስ «ሳይጠይቁህ አንተ ቀድመህ ንገራቸው። ምን እንደሚወስኑ ግን ቃል አልገባልህም» አለችው። እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር ሦስቱ ሳምንት አለቀ። በቀጠሮው ቀን ቡርሃን በታክሲው ወስዶት ውጭ ቆሞ ጠበቀው። ቦጋለ ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቶ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ወጣ።

«ምን አሉህ?»

«ብዙ ጻፉ። በደብዳቤ እናሳውቅሃለን አሉኝ።»

አሥር ወር ጠበቀ። ከሥራ ሲመለስ የፖስታ ሣጥኑን መክፈት እየፈራ ለእህተማርያም ተወላት። ደብዳቤው የመጣው በማርች፣ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ነው። የዜግነት መሐላ የሚፈጽምበትን ቀንና አዳራሽ ይናገራል፤ ሴንት ፖል። ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ እንግሊዝኛው አሳስቶት እንዳይሆን ብሎ ለቤዛዊት ሰጣትና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንድታነብለት ለመናት።