ከላይ የቀረው ፖም

«ትናንት እዚህ ሚስማር ላይ ነው የሰቀልኩት» አለ ሴሌስቶ፣ ሦስተኛውን መሳቢያ ጠረጴዛው ላይ እየገለበጠ። የሻማ ቁራጭ፣ የዛገ ብሎን፣ የገመድ ጫፍ ተዘረገፈ። የትራክተሩ ቁልፍ ግን የለም።

ሚስቱ ኤተልቢና ጀርባዋን ሰጥታው ድስቱ ላይ አጎንብሳለች። «ያስቀመጥክበትን አንተ ነህ የምታውቀው» አለችው። ቁልፉ የሽርጧ ኪስ ውስጥ ሆኖ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ጭኗን ይነካታል። በአርባ አንድ ዓመት ትዳራቸው ዋሽታው አታውቅም አይባልም፤ ዓይን ዓይኑን እያየች ግን አልሆነላትም። ለዚህ ነው ያልዞረችው።

«ማታ ዝናብ ነው። ነገ በማለዳ ደግሞ ፖሙን ሊወስድ የመጭመቂያው ቤት መኪና ይመጣል። አሥራ ሁለት ጆንያ ፖም ላይኛው ማሳ ቀርቶ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?»

«መጀመሪያ ምሳ ብላ። ሰው ጠርተናል እኮ።»

«እሺ፣ ቶሎ በልቼ እሄዳለሁ» አለና ፍለጋውን ወደ ከብቶቹ ቤት ይዞ ወጣ።

ኤተልቢና እጇን ስታይ ማንኪያ ይዛለች። ነጩን ቦሎቄ ስታማስለው ነው የቆየችው። በዚያ አገር ቦሎቄ እንዳይፈርስ በማንኪያ አይነካም፤ ድስቱ በጆሮው ተይዞ ይወዘወዛል እንጂ። ልጅ ሆና እንዲህ ስታደርግ እናቷ አይታት ቢሆን ኖሮ ማንኪያው ራሷ ላይ ያርፍ ነበር። «ምን ነካኝ» አለች ለራሷ፣ ማንኪያውን ወርውራ።

የነካትማ የሐሙሱ ነገር ነው። ሐሙስ ዕለት ከላይኛው ማሳ፣ ከድንጋዩ ካብ ስር ጎንበስ ብላ የወደቀ ፖም ስትለቅም የትራክተሩ ድምፅ ተለወጠባት። ቀና ስትል የሴሌስቶ ቀኝ እጅ መሪው ላይ እንደ ብርድ የያዘው ሰው እጅ ይንዘፈዘፋል። የፊት ጎማው ተንሸራትቶ ካቡ አፋፍ ላይ ደረሰና ቆመ። ሰውየው ሞተሩን አጥፍቶ ብዙ ቆየ። ማታ «ሳሩ እርጥብ ነበር» አለ እንጂ ሌላ ቃል አልወጣውም። ዳገቱ ደግሞ ሰው የበላ ዳገት ነው፤ የጎረቤታቸው የላውሬያኖ ታላቅ ወንድም የሞተው እዚያው፣ ትራክተሩ ተገልብጦበት ነው። ኤተልቢና ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ዛሬ ሊነጋጋ ሲል ተነስታ ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ ወሰደችው። ሁለተኛው ቁልፍ ካቻምና ጠፍቷል፤ ስለዚህ ይኼ ከሌለ ትራክተሩ ከቦታው አይነቃነቅም። ግን እስከ መቼ ትደብቀዋለች? እሱን አላሰበችበትም።

ሰባት ሰዓት ላይ በአራት እግሩ ከቆመው ጎተራ ጥላ ስር ጠረጴዛው ተዘረጋ። ከኦቪየዶ ከተማ ለፖም ለቀማው የመጣችው ልጃቸው ሂሜና የበቆሎ ዳቦውን ቆረሰች። ላውሬያኖ ካለፈው ዓመት ፖም የጠመቀውን ሲድራ ከራሱ ጓዳ በሳጥን ተሸክሞ መጣ። ግቢው ሁሉ ፖም ፖም ይሸታል፤ በየጥጉ የተከመረው ጆንያ ተርብ ሰብስቧል።

«ሲድራው ዘንድሮ እንዴት ነው?» አለች ሂሜና።

«ያንቺ አባት ከሚሠራው ይሻላል። ከዚያ በላይ ምን እንድልሽ ነው?»

ላውሬያኖ ጠርሙሱን ከራሱ በላይ፣ ብርጭቆውን ወደ ጭኑ ዝቅ አድርጎ ቀዳ። በቀጭኑ የወረደው መጠጥ የብርጭቆውን ከንፈር መትቶ አረፋ አነሳ። አንድ ብርጭቆ ለአራት ሰው ነው፤ ተራው የደረሰው አረፋው ሳይሞት ይጨልጠዋል፣ ትንሽ አስቀርቶ አፉ የነካበትን ያለቀልቅበትና ሳሩ ላይ ይደፋል። ኤተልቢና ተራዋ ሲደርስ ጠጣች። ጎምዛዛ፣ ቀዝቃዛ፣ ጉሮሮ የሚያነቃ ሲድራ ነበር፤ ሌላ ቀን ቢሆን «ድገመኝ» ትል ነበር።

«ይኼን ቦሎቄ ማን ነው የወቀጠው?» አለ ላውሬያኖ፣ ሳህኑን እያየ። «አንቺ ሴትዮ፣ ጥርሴ ገና አላለቀም እኮ።»

«ዝም ብለህ ብላ» አለችው። ሂሜና ግን እናቷን አየት አደረገቻት። እናቷ ቦሎቄ አበላሽታ አታውቅም።

ቦሎቄው ቢፈርስም ከቋሊማውና ከስቡ ጋር ድስቱ ተጠርጎ ተበላ። ዋሻ ውስጥ ከርሞ የበሰለው አይብ፣ ፍም ላይ የተጠበሰው ካስታኛ የሚሉት የዛፍ ፍሬ ቀረበ፤ ላውሬያኖ ጣቱን እያቃጠለ ልጣጩን ይፈለፍላል። ኤተልቢና ግን አንድ ቦታ አልረጋ አለች። ጨው ልታመጣ ትነሳለች፣ ጨውን ረስታ ውሃ ይዛ ትመጣለች። ሴሌስቶም ያው ነው። በዚያ ሙቀት የከብቶቹን ቤት አሮጌ ጃኬት ደርቦ፣ ቀኝ እጁን ኪሱ ከቶ በግራው ይበላል። እጁን ደበቀ አለች በልቧ።

«ቁልፉን አላየሽውም፣ ኤተልቢና?» አለ ለአራተኛ ጊዜ።

«አላየሁም።»

«ቆይ እኔ ከብቶቹ ቤት ልፈልግልህ፣ አባዬ» አለች ሂሜና፣ እየተነሳች።

«ተቀመጪ» አሉ ባልና ሚስት እኩል።

ላውሬያኖ ሳቀ። «እኔ ደግሞ እንግዳ ሆኜ ቀጂ ሆንኩ። አንተ ሰውዬ፣ በመንደሩ በዓል በሲድራ መቅዳት ሁለቴ አንደኛ የወጣኸው በወሬ ነው እንዴ? ተነስና ቅዳልን።»

ሴሌስቶ ተነሳ። ምን ምክንያት ይሰጣል? ቀኝ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ጠርሙሱን ወደ ላይ አነሳ። መጀመሪያ ደህና ወረደለት። ወዲያው ክንዱ መንዘፍዘፍ ጀመረ፤ ሲድራው አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ እያለ ጫማውን አራሰው። ብርጭቆው ውስጥ አንድ ጠብታ አልገባም። ጠርሙሱን በሁለት እጁ አውርዶ አስቀመጠው።

«ፀሐዩ ዓይኔ ውስጥ ገባ» አለ።

ፀሐይዋ ከኋላው ነበረች። ላውሬያኖ ሌላ ቀን ቢሆን ይህቺን አያልፋትም፤ አሁን ግን ካስታኛውን አጥብቆ ይፈለፍላል።

«ልሂድ፣ ሰማዩ እየጠቆረ ነው» አለ ሴሌስቶ፣ ማንንም ሳያይ። «ኤተልቢና፣ ያንን ቁልፍ...»

«እኔ ጋ ነው።»

ከሽርጧ አውጥታ ዳቦውና አይቡ መሀል አስቀመጠችው። «ሐሙስ ዕለት ከካቡ ስር ሆኜ አይቼሃለሁ። ሞተህ የምታድር መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ምግብ አልበላሁም፣ አልተኛሁም። ደብቄህ ዋልኩ፣ ዋሸሁህ፤ ከዚህ በላይ ግን አልችልም። ንብረቱ ያንተ ነው። ከወሰድከው ውሰደው፤ እኔ ግን እዚህ ቁጭ ብዬ የትራክተሩን ድምፅ አልሰማም፣ ወደ እህቴ ቤት እሄዳለሁ።»

ሴሌስቶ ቁልፉን አየው እንጂ አላነሳውም። እጁን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከቶ ሌላ ቁልፍ አወጣና ከጎኑ አስቀመጠው፤ ማሰሪያው ሻግቷል እንጂ ያው የትራክተሩ ቁልፍ ነው።

«ይኼ የጠፋው አይደለም እንዴ?» አለች ኤተልቢና።

«በዚህ ጃኬት ገበር ውስጥ ሾልኮ ኖሯል። ጠዋት ስፈልግ አገኘሁት።»

«ጠዋት? ታዲያ ቀኑን ሙሉ ምን ስትፈልግ ነበር?»

ሴሌስቶ ሲድራ ያራሰውን ጫማውን በሳሩ ጠረገ። «ቁልፍ ጠፋብኝ ማለት ፈራሁ ከማለት ቀለለኝ» አለ።

ሂሜና አፍንጫዋን በመሀረብ ያዘች። ከዚያ «እኔ ልንዳው፣ አባዬ» አለች።

«እዚያ ዳገት ላይ ከእንግዲህ ማንም አይነዳም። ጆንያውን ግማሽ ግማሽ አድርገን በጀርባችን እናወርደዋለን። ላውሬያኖም የበላውን ያህል ይሸከማል።»

«እንዲህ ከሆነማ ሳልበላ እመጣ ነበር» አለ ላውሬያኖ።

ኤተልቢና ሁለቱንም ቁልፎች ሽርጧ ውስጥ ከተተቻቸው። ከዚያ ሂሳቡ እንዳለቀ ሰው መቀመጥ ሲገባት ጠርሙሱን አነሳች። በዕድሜዋ ሰው ፊት ሲድራ ቀድታ አታውቅም፤ በእሷ ጊዜ መቅዳት የወንድ ሥራ ነበር።

«ብርጭቆውን ያዝልኝ» አለችው ባሏን።

ሴሌስቶ ተነስቶ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ጨብጦ ከወገቧ ዝቅ አድርጎ ያዘላት። እሷ ጠርሙሱን እስከ ደረቷ አነሳችና እዚያ ላይ ፈራች።

«ከፍ አድርጊው» አላት።

ከፍ አደረገችው።