የፍሪጁ ቁልፍ

ጥቅምት 11 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ አሰላ። በከብት ክትባት መጋዘናችን ያለው በላምባ የሚሠራ ፍሪጅ አራት ዲግሪ ያነባል። በውስጡ ለሁለት ሺህ አራት መቶ ከብት የሚበቃ መንጋ የሚፈጀው የደስታ በሽታ ክትባት አለ፤ ከስምንት ዲግሪ በላይ ከሞቀ ይበላሻል። የፍሪጁ ክፍል ቁልፍ ከመጋዘኑ መግቢያ በር ጀርባ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ሠራተኞቹ ከዲሮ፣ በዛብህና እኔ ነን፤ ደረጃችን እኩል ነው። በየጠዋቱ አንዱ ላምባ ይሞላል፤ ዲግሪውንም አንብቦ በሩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ይጽፋል፤ ሌላው አይቶ ይፈርማል።

በሦስት ሰዓት ኃላፊያችን ዶክተር ኃይለመስቀል ለስብሰባ አዲስ አበባ ሄዱ። በአራት ሰዓት በዛብህ የእሳቸውን ነጭ ጋዋን ለብሶ ገባና ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

«ከዛሬ ጀምሮ ያለ እኔ ፈቃድ ማንም ፍሪጁን አይነካም። ዶክተር እኔን ወክለዋል።»

«ጋዋኑ ነው የወከለህ?» አለ ከዲሮ። «እጅጌው እንኳ እምቢ ብሎሃል እኮ!»

በዛብህ አልሳቀም። «ከአዲሱ መንግሥት ስም ዝርዝር እየተጠየቀ መሆኑን ታውቃለህ። ለሥራ እንቅፋት የሆነውን የምጽፈው እኔ ነኝ።»

ያን ወር እንዲህ ያለ ነገር በቀልድ አይነገርም ነበር። ከጎረቤት መሥሪያ ቤት ሁለት ጸሐፊዎችን ወታደሮች ከወንበራቸው አንሥተው ወስደዋቸዋል፤ የት እንደደረሱ አልታወቀም። የውክልና ደብዳቤህን አሳየን ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።

ረቡዕ ማለዳ በዛብህ ቁልፉን እንደያዘ ለግል ጉዳዩ ሳጉሬ ሄደ። ሐሙስም አልተመለሰም። በተዘጋው የፍሪጁ ክፍል በር ሥር ተንበርክኬ አሸተትኩ፤ የሚነድ ላምባ ሽታ የለም። በሩን ልስበር ብዬ ዶማ አነሣሁ፤ የስም ዝርዝሩ ትዝ ሲለኝ መልሼ አስቀመጥኩት።

ዓርብ በሁለት ሰዓት መጥቶ ከፈተ። የፍሪጁ እሳት ጠፍቶ ክሩ ደርቋል። ቴርሞሜትሩን ሁለት ጊዜ አነበብኩ፤ አሥራ ሰባት።

«አራት ብለህ ጻፍ» አለኝ። «ክትባቱ ነገ በሽታው ወደ ገባበት ኦጎልቾ ይሄዳል። ስምህ ዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ እንዲጻፍ አትፈልግም አይደል፣ ፍሰሐ?»

ከዲሮ ግድግዳውን ተደግፎ ያየኛል። «የአጎቴ ላሞች እዚያ ናቸው» አለ ቀስ ብሎ። «ተከትበዋል ብሎ ከታመሙት ጋር ውሃ ያወርዳቸዋል።»

እስክሪብቶውን አነሣሁ።

«የደብዳቤው ቁጥር ስንት ነው?» አልኩ።

«የምን ደብዳቤ?»

«የተወከልክበት። አራት ብሎ ያዘዘው በዛብህ ነው ብዬ ከስምህ አጠገብ ልጻፈው።»

በዛብህ ጋዋኑን እንደለበሰ ወጣ። ማን ዘንድ እንደሚሄድ አላወቅንም፤ እስኪሰወር ድረስ በመስኮት በዓይናችን ተከተልነው።

«17» ብዬ ጻፍኩ። ከዲሮ አይቶ ፈረመ።

ከዚያ በኋላ ደጅ ላይ መኪና በቆመ ቁጥር ሁለታችን እንተያይ ነበር። ሰኞ ዶክተሩ ተመልሰው ማንንም እንዳልወከሉ ነገሩን። በዛብህ በሥራ ገበታው ላይ አልተገኘም። ስማችንን ጽፎ ሰጥቶ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ክትባቱ በሙሉ ተቀበረ። ሌላ እስኪመጣ አሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። በእነዚያ ቀናት ኦጎልቾ ውስጥ ሠላሳ አንድ ከብት ሞተ፤ አራቱ የከዲሮ አጎት ላሞች ናቸው።