ምንም የለብሽም

«ሆዷን ነው ያመማት» አለች የሟች አክስት፣ ከፔርሙዝ ሻይ እየቀዳች። የጠየቃት ሰው የለም። እታለም ከሞተች ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ለገባ ለወጣው ሁሉ ሆድ፣ ሆድ፣ ሆድ። ከሆድ ዝቅ ያለውን መጥራት ነውር ነዋ! ፍራሹ ላይ የተደረደሩት ሴቶች ግን የማሕፀን በር ካንሰር መሆኑን አንድ በአንድ ያውቃሉ። የማታውቀው የሟች ልጅ ብቻ ናት፤ «ለእሷ እንዳትነግሩ» ተብሏል።

አንዷ ወደ ጎረቤቷ ጆሮ ተጠጋች። «በአሥራ አምስት ዓመቷ ወልዳ... እንግዲህ።»

«እንግዲህ ምን?» አለ ጩኸት የሚሉት ወጣት ከበሩ ጥግ።

ሴትዮዋ ሻይዋን ፉት አለች።

ጩኸት የሟች ታናሽ ወንድም ነው፣ የሚኒባስ ረዳት። «መኪናው ሳይደርስ አፉ ይደርሳል» ይሉታል። ሦስት ቀን ሙሉ ግን አንዲት ቀልድ አልወጣችውም። ሰው ሐዘን ነው አለ። ሐዘን ብቻ ቢሆን በስንት ጣዕሙ!

እታለም ስታምጥ እሱ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር፣ ኮሪደር ላይ ቆሞ። አዋላጇ «ስትሠሪውም እንዲህ ጮኸሻል?» ስትላት በጆሮው ሰምቷል። ከዚያ ወዲህ እታለም ጤና ጣቢያ ከምትገባ እባብ ጉድጓድ ብትገባ ይቀላት ነበር። የልጅቷ አባት እንደሆነ የእሷ ሆድ ሲገፋ የእሱ እግር ፈጠነ። ትምህርቷን ጥላ የሆቴል አንሶላ እያጠበች ልጇንም ወንድሟንም አሳደገች።

ካቻምና የሥራ ጓደኞቿ ለምነው፣ ጎትተው አስመረመሯት። ውጤቱ በሥራ ሰዓት ነው የሚሰጠው፤ አለቃዋ ደግሞ ፈቃድ ሲባል ግንባሩ አይፈታም። «አንተ ሂድልኝ፣ ወንድምዓለም» ብላ ካርዷን ሰጠችው።

ሄደ። አግዳሚው ላይ ሃያ የሚሆኑ ሴቶች ተቀምጠዋል። አንዷ ከላይ እስከ ታች አየችውና «ስንት ወርህ ነው?» አለችው። ሁሉም ሳቁ። ሰው ሲያስቅ የሚውለው ልጅ መሳቂያ ሲሆን ጆሮው ጋለ። «መጣሁ» ብሎ ወጣ፤ ፑል ቤት ገባ።

«እሺ?» አለች እታለም ሲመለስ፣ እጇ ላይ ሳሙና እንዳለ።

«ምንም የለብሽም ብለውሻል።»

ግንባሩን ሳመችው።

ነገ እሄዳለሁ አለ። ነገ ነገን ወለደ። ደሙ በርትቶ ትልቁ ሆስፒታል ስትገባ፣ «ያኔ ምንም የለብሽም ብለውኝ ነበር እኮ» አለችው ሐኪሙን። ጩኸት በመስኮቱ ውጪ ውጪውን አየ።

አሁንም ቤቱ ጠበበውና ወደ ጓሮ ወጣ። የእህቱ ልጅ የሰባት ወር ሕፃኗን አዝላ ቧንቧው ሥር ጨርቅ ታጥባለች። እሷም አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ከሳፋው የሚፈሰው ውሃ ቀላ ብሏል።

«ወር አበባ ነው?»

«አንተ! እሱንም ትጠይቃለህ?»

«ንገሪኝ።»

«ከወለድኩ ጀምሮ መጣ ሄድ ይላል። ለእማዬ ነግሬያት ነበር። ‹እኔም እንዲሁ ነኝ፤ ተመርምሬ ምንም የለብሽም ብለውኛል። የዘራችን ነው፣ አትጨነቂ› አለችኝ።»

ጩኸት ባልዲው ላይ ቁጭ አለ። ያቺ የፑል ቤት ውሸቱ እናትየውን ቀብራ አሁን ልጅቷ ዘንድ አድራለች።

«እናትሽን የገደላት ሆዷ አይደለም» አለ። ነገራት። አግዳሚውን፣ ሳቁን፣ ፑሉን። ግንባሩን መሳሟንም አልዘለለም።

ልጅቷ ጨርቁን ጨመቀች። ደግማ ጨመቀች፤ ጠብታ ሳይቀረው።

«ስንት ኳስ አስገባህ?» አለችው።

ጩኸት ከባልዲው ላይ ተነሣ። «ያንቺ ምንም ላይሆን ይችላል» አለ። «ግን እሱን እኔ አልነግርሽም። እነሱ ይንገሩሽ።»

በማግስቱ ጠዋት አክስትየው በሩ ላይ ተገተረችባቸው። «ገና እናቷ በሞተች በአራተኛ ቀን! ልጅቷ የት ሄደች ሲሉኝ ምን ልበል?»

«የማሕፀን በሯን ልትታይ ሄደች በያቸው። ካፈርሽ እኔ ልጩህልሽ፤ ሥራዬ ነው።»

አክስትየው አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከበሩ ግን ዞር አለች።

እስከ ጤና ጣቢያው መንገዱን ሙሉ ልጅቷ ከፊት ከፊቱ ሄደች። አግዳሚው ላይም በመሀላቸው ሌላ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትታ ተቀመጠች። ቁጥሯ ሲጠራ ሕፃኑን ከጀርባዋ ፈታችው። ጩኸት እጁን ዘረጋ። አልፋው ሄዳ ለአንዲት ለማታውቃት ሴትዮ አስታቀፈችና ገባች። በሩ ተዘጋ።

ሴትዮዋ አንዴ ሕፃኑን፣ አንዴ እሱን አየች። ጩኸት ጃኬቱን አወለቀ፤ ጎንበስ ብሎ ሴትዮዋ ጭን ላይ ያሉትን ትንንሽ እግሮች ሸፈነ።