ወይኒን ለማርዳት

የወይኒ አጎት ጋሼ እንግዳ ከአዲስ አበባ ሲደውሉ ብፅዓት ልብስ እየተኮሰች ነበር። እሁድ ከሰዓት ነው። እሳቸው ከዚያ በፊት ደውለውላት አያውቁም። ስማቸውን ስልኳ ላይ ስታይ፣ ገና ሳታነሳው ካውያውን ነቀለችው።

«ሀብተወልድን አጣነው፣ ልጄ» አሏት።

ሀብተወልድ የወይኒ ታናሽ ወንድም፣ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነው። ጠዋት እንደ ወትሮው ከሰፈር ጓደኞቹ ጋር ኳስ ሊጫወት ወጥቶ፣ ማንም ሳይነካው ሜዳው መሀል ወደቀ። የቀለደ መስሏቸው ጨዋታውን ቀጥለው ነበር። ሐኪም ቤት ሲያደርሱት ትንፋሹ የለም። ገና ሠላሳ እንኳን አልሞላውም።

«እናቱስ?» አለች ብፅዓት።

«እሷማ ምን ቀራት። ስትወድቅ ስትነሳ ነው የዋለችው። ቀብሩ ነገ ነው። አሁን የደወልኩልሽ ግን ስለ ወይኒ ነው። በስልክ እንዳትሰማ። እዚያ አገር ከአንቺ የሚቀርባት የለም፤ ሄደሽ አንቺ ንገሪያት። ብቻሽን እንዳትሄጂ ደግሞ፣ ትልቅ ሰው ይዘሽ ሂጂ።»

ብፅዓትና ወይኒ የተዋወቁት ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ አገር ጥለው በወጡበት ጊዜ፣ ስዊዘርላንድ ጠረፍ ላይ ባለ የጥገኝነት ጠያቂዎች ማቆያ ውስጥ ነው። ተደራራቢ አልጋ ላይ አንዷ ከላይ አንዷ ከታች እየተኙ ክረምቱን አብረው ገፉ። ከዚያ ብፅዓት ለጄኔቭ ክፍለ ግዛት፣ ወይኒ ለዙሪክ ክፍለ ግዛት ተደለደሉ። አንዷ ፈረንሳይኛ፣ አንዷ ጀርመንኛ ተማሩ። ብፅዓት ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገባች። ወይኒ ሠልጥና የሕፃናት ማቆያ ውስጥ፣ ዙሪኮች ኪታ በሚሉት ቤት፣ ሞግዚት ሆነች። እስከዚያ እሁድ ድረስ ሳይደዋወሉ የሚውሉበት ቀን አልነበረም።

ያን ዕለት ግን ብፅዓት የገዛ ስልኳን ፈራችው። ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፋችው፣ መልሳ ገለበጠችው፣ ፌስቡክ ከፈተች። የፈራችው አልቀረም። አንዱ የሀብተወልድ ጓደኛ፣ ልጁ በማልያ ሆኖ የሚስቅበትን ፎቶ ከጧፍ ሥዕል ጋር ለጥፎ «ነፍስህን በገነት ያኑራት ወንድሜ» ብሏል። ብፅዓት «እህቱ አልሰማችም፤ በእናትህ አውርደው» ብላ ጻፈችለት። ልጁ ይቅርታ ጠይቆ አወረደው። ትንሽ ቆይታ ብታይ ሌላው ለጥፎታል።

ከምትኖርበት ከሊኞን ሰፈር አውቶቡስ ይዛ ሰርቬት ሰፈር፣ ጋሼ አስፋ ቤት ሄደች። ጋሼ አስፋ በደርግ ዘመን ለትምህርት መጥተው እዚያው የቀሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጄኔቭ ውስጥ ላለ ሐበሻ መርዶ ሲመጣ በር የሚያንኳኩት አብዛኛውን ጊዜ እሳቸው ናቸው።

«ነገ ከሥራ ስትመለስ ቤቷ ጠብቀን እንነግራታለን» አሉ።

«ጠዋት እንሂድ፣ ጋሼ።»

«ሥራ ቦታ መርዶ ይነገራል እንዴ?»

«ዛሬ ባታየው እንኳ ነገ ምሳ ሰዓት ላይ ስልኳን ትከፍታለች። ፌስቡክ እኛን አይጠብቅም።»

«ድሮ የምንፈራው ወሬኛ ሰው ነበር» አሉ ጋሼ አስፋ። «ሰውን ደግሞ ዝም በል ትይዋለሽ። ይሄን ማን ዝም ያሰኘዋል?» ብለው ጥቁር ኮታቸውን ሊፈልጉ ተነሱ።

ሰኞ ጠዋት ከጄኔቭ ኮርናቫን ባቡር ጣቢያ ተሳፈሩ። ባቡሩ ሐይቁን ይዞ ሲሄድ ጋሼ አስፋ ተደላድለው ተቀመጡ። ብፅዓት ግን መቀመጫው አልያዛት አለ። ውኃ ልትገዛ ትነሳለች፣ ሳትገዛ ትመለሳለች። ጥቁር ነጠላዋን ከቦርሳ አውጥታ አጣጥፋ መልሳ ትከታለች። ፌስቡክ ትከፍታለች፣ ሌላ ፎቶ ታገኛለች፣ ሌላ ልመና ትጽፋለች። በልቧ ደግሞ የምትናገረውን ቃል ትለማመዳለች። «ወይኒዬ፣ ሀብቴ…» ከዚያ በላይ አይወጣላትም።

«ስትነግሪያት መንተባተብ የለም» አሉ ጋሼ አስፋ። «እኔ እጀምራለሁ፤ አንቺ ያዣት።»

ሎዛንን አልፈው ብዙ ከሄዱ በኋላ የብፅዓት ስልክ ጠራ። ወይኒ ነበረች።

«ብፅዬ፣ እማዬ ጋ ደውለሽ ነበር?» አለች። «ከትናንት ጀምሮ ስልኳን አታነሳም። ሀብቴም አያነሳም። ለደቂቃ ነው የወጣሁት፣ ልጆቹ መክሰስ ላይ ናቸው።»

«ኔትወርኩ ይሆናላ» አለች ብፅዓት። ድምፅዋ ለራሷም የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት። «እዚያ አገር መቼ ይታመናል?»

«ጋሼ እንግዳ እንኳ አላነሱም። እማዬ ደረቷን ያማታል ስትል ነበር የከረመችው…»

በዚያው ቅጽበት የባቡሩ ድምፅ ማጉያ በጀርመንኛም በፈረንሳይኛም በርን ከተማ ሊደርሱ መሆኑን ለፈፈ።

«ባቡር ላይ ነሽ?»

«አዎ… የሥራ ነገር ነው። ስብሰባ አለን።»

ልብስ አጣቢ በርን ድረስ ሄዳ ምን ትሰበሰባለች? «እሺ» አለች ወይኒ በቀጭኑ፤ ስልኩንም ዘጋችው።

«አወቀች» አለች ብፅዓት።

«አላወቀችም። ጠረጠረች። እሱ ደግሞ ይብሳል» አሉ ጋሼ አስፋ። ከዚያ በኋላ እሳቸውም መቀመጫው ላይ ተቁነጠነጡ።

ዙሪክ ደርሰው ትራም ይዘው ኪታው ያለበት ኦርሊኮን ሰፈር ሲወርዱ ጠዋቱ ገና አላለቀም። ብፅዓት የወጠነችው ኪታው በር ላይ ሄዳ ኃላፊዋን ለብቻዋ አስጠርታ ልትነግራት፣ ከዚያ ወይኒን በፈቃድ ይዛት ልትወጣ ነበር። መንገዱን ሳይሻገሩ የኪታው በር ተከፈተ። ሁለት ሞግዚቶች፣ አብረቅራቂ ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ሕፃናትን ገመድ አስይዘው ብቅ አሉ። ከኋላ ያለችው ወይኒ ነበረች። በግራ እጇ አንዲት ፀጉረ ቢጫ ልጅ፣ በቀኝ እጇ አንድ አፍንጫው የፈሰሰ ልጅ ይዛለች።

ቀና ስትል አየቻቸው። ሰኞ ቀን፣ ሥራ ሰዓት፣ ጥቁር የለበሱ ሁለት የጄኔቭ ሰዎች መንገድ ማዶ ቆመዋል። ይህን ለመተርጎም ሐበሻ ሌላ ቃል አያስፈልገውም። ወይኒ እግሯ ተተከለ። ከንፈሯ ተላቀቀ። ብፅዓት መንገዱን ልትሻገር ስትነሳ፣ ወይኒ ጭንቅላቷን ወዘወዘች። አንዴ ብቻ። አትምጪ ማለቷ ነበር። ልጅቷ እጇን ጎተተቻት፤ ወይኒ ጎንበስ ብላ በጀርመንኛ አንድ ነገር አለቻት፤ ሰልፉም ወደ መናፈሻው ጉዞውን ቀጠለ።

በርቀት ተከተሏቸው። ጋሼ አስፋ መናፈሻው ዳር አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ብፅዓት ዛፍ ለዛፍ ተንቆራጠጠች። ወይኒ ሕፃናቱን አንድ በአንድ ዥዋዥዌ ላይ አወጣች፣ ገፋች፣ አወረደች። የአንዱን ጫማ አሰረች። አፍንጫው የፈሰሰውን ልጅ በሶፍት ጠረገችው። አንዱ ወድቆ ሲያለቅስ አነሳችው፣ ጉልበቱን እፍ አለችለት፣ ሳቀችለትም። ያ ሳቅ ብፅዓትን አላስችል አላት፤ ተንደርድራ ሄደች።

«ወይኒዬ…»

«እንዳትነግሪኝ» አለች ወይኒ፣ ዓይኗን ከዥዋዥዌው ሳትነቅል። «ልጆቹ እስኪገቡ እንዳትነግሪኝ። እጄ ላይ ናቸው።»

«እኛ እንያዝልሽ፣ ለጓደኛሽ ንገሪያት…»

«ብፅዓት! ሂጂ።»

ብፅዓት ተመለሰች። ጋሼ አስፋ አልተቆጧትም። «ማታ ነበር መምጣት» አሉ ብቻ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ።

ሕፃናቱ ተሰልፈው ወደ ኪታው ተመለሱ። ወይኒ የመጨረሻውን ልጅ ሰደርያ አውልቃ ሰቅላ፣ ለጓደኛዋ የሆነ ነገር ተናግራ፣ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ካፖርቷን አልቆለፈችም። ፊታቸው ቆመችና ጋሼ አስፋን ቁልቁል አየቻቸው፤ እሳቸው አጭር ናቸው።

«ልጄ፣ እግዚአብሔር ያበርታሽ…» ብለው ጀመሩ።

«እማዬ ናት፣ አይደል?»

«የሰው ልጅ እንግዲህ…»

«እማዬ ናት ወይ? ጋሼ አስፋ፣ እማዬ ናት?»

ብፅዓት መታገሥ አቃታት። «እማማ ደህና ናቸው! እሳቸው አይደሉም» አለች።

የወይኒ ፊት በራ። ከመናፈሻው ጀምራ ተሸክማው የዋለችው የእናቷ ሬሳ ከላይዋ ወረደላት። «ተመስገን!» ብላ ጮኸች። ሁለት እጆቿን ወደ ሰማይ ዘርግታ ሳቀች፣ በእንባ ሳቀች። «ተመስገን አምላኬ! እንዴት አስደነገጣችሁኝ! ተመስገን!» ብፅዓትን አቅፋ ጉንጯን ሳመቻት።

ጋሼ አስፋ ጠበቋት፤ ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ሀብቴ ነው፣ ልጄ» አሉ።

«የቱ ሀብቴ?»

ብፅዓት ከእቅፏ ሳትለቃት አብረው የእግረኛው መንገድ ላይ ተቀመጡ። አንድ ብስክሌተኛ ቆሞ እርዳታ ያስፈልጋችኋል ወይ ብሎ ጠየቀ። ጋሼ አስፋ በእጃቸው አመስግነው ሸኙት።

ለቅሶው ወይኒ ቤት ተቀመጠ። የዙሪክ ሐበሾች ድስት ተሸክመው፣ ወንበር ተበድረው መጡ። ጋሼ አስፋ ማታውኑ ተመለሱ፤ ብፅዓት ፈቃድ ለምና ቀረች። ወይኒ ግን አልቀመጥ አለች። ማንም ያልበላበትን ሳህን ታጥባለች፣ መስኮት ትወለውላለች፣ ቀና ብላ ከብፅዓት ዓይን ጋር ስትጋጠም ወደ ሌላ ክፍል ትገባለች። ስለ ወንድሟ አሟሟት ሊያወራት የሞከረውን ሁሉ «ተዉኝ፣ መስማት አልፈልግም» አለች። በሁለተኛው ቀን ብፅዓት ኩሽና ውስጥ ለብቻዋ አገኘቻት።

«ምን አድርጌሽ ነው፣ ወይኒዬ? መጥቼ ያስደነገጥኩሽ ልጆቹ ፊት ስለሆነ ነው?»

ወይኒ ቧንቧውን ዘጋች። «ተመስገን አልኩ። ሰማሽኝ አይደል?»

«ሰማሁሽ።»

«ወንድሜ ሞቶ ተመስገን አልኩ። ሳቅሁ። ሳምኩሽ።»

«ለእናትሽ ነዋ! ሀብቴ መሆኑን መቼ አወቅሽ?»

«ለእማዬ መሆኑን አውቃለሁ። ብትነግሪኝም ባትነግሪኝም አውቃለሁ።» እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። «አንቺን ባየሁ ቁጥር ግን ድምፄን እሰማዋለሁ። ሂጂልኝ፣ ብፅዬ። በማርያም፣ ለጊዜው ሂጂልኝ።»

ብፅዓት ሄደች። ከዚያ ወዲያ የመጡት ሳምንታት ከባድ ሆኑባት። ሥራ ቦታ አንሶላ ስታጥፍ ስልኳ የተንቀጠቀጠ ይመስላታል፤ ታወጣዋለች፤ የለም። ስትጽፍላት ወይኒ ታነባለች፤ አትመልስም። ከሥራ ስትወጣ ቤቷ መግባት ስለሚያስጠላት ፓኪ ሰፈር ባሉት ሱቆች መሀል ያለ ጉዳይ ትዞራለች። አንድ ቀን እዚያ ያገኘቻቸው ጋሼ አስፋ «እኔ በዚህ ሥራ ስንት ተረግሜያለሁ መሰለሽ» አሏት። «መርዶ ነጋሪ ባይወደድ አይገርምም። ጊዜ ስጪያት።» ብፅዓት ግን ያ አላጽናናትም። ወይኒ እንዳልረገመቻት ታውቃለች። የራቀችው ከራሷ ድምፅ ነው፤ ድምፁን ደግሞ ብፅዓት ጆሮ ውስጥ አስቀምጣዋለች።

ወይኒ ለአርባው አዲስ አበባ ሄደች። ብፅዓት ይህን የሰማችው ከሌላ ሰው ነው።

አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የሊኞኑ ቤት ደወል ተደወለ። ወይኒ ናት፤ ጥቁር ለብሳ፣ ከስታ፣ ሻንጣዋን ይዛ። ባልተጠበቀ ሰው ፊት እንደሚቆም ሰው በሩ ላይ ተያዩ።

«ከአዲስ አበባ በጄኔቭ በኩል ነው የመጣሁት» አለች ወይኒ። «ግቢ አትይኝም?»

ገብታ አልተቀመጠችም። ካፖርቷን እንደለበሰች ከበሩ እስከ በረንዳው ተመላለሰች። ብፅዓትም ቁጭ በይ ማለቱን ፈራች።

«ለእማዬ ነገርኳት» አለች ወይኒ። «ያልኩትን ሁሉ። ልትረግመኝ ነው ብዬ ነበር።»

«ምን አሉሽ?»

«‹እኔ ምነው በኔ ባደረገው ብዬ ጮኽኩ፤ አንቺ እንኳን በእሷ አላደረገው አልሽ። ሁለታችንንም የጠየቀን የለም› አለችኝ። ከዚያ ነይ እዚህ ብላ አጠገቧ አስተኛችኝ።» ወይኒ የበረንዳውን ብረት ጨበጠች። «አልቀለለኝም፣ ብፅዬ። ውሸት አልነግርሽም። ግን አንቺን ማየት ችያለሁ።»

ብፅዓት ልታቅፋት ተጠጋች፤ ወይኒም አልሸሸችም።

«እዚህ ውስጥ መቀመጥ አልችልም» አለች ወይኒ። «ወጣ ብለን እንሂድ።»

ከሕንፃዎቹ ጀርባ ወደ ሮን ወንዝ በሚወርደው ጥርጊያ ተያይዘው ወረዱ። ወይኒ ፈጠን ፈጠን ትላለች፤ ብፅዓት እኩል ልትራመድ ትጥራለች። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ወይኒ ሳትቆም ጠየቀቻት።

«ጋሼ እንግዳ ሲደውሉልሽ ምን አሉሽ? እዚያም ሁሉም ሊነግረኝ ሲመጣ ጆሮዬን ያዝኩ። አሁን አንቺ ንገሪኝ። ሜዳው ላይ ምን ሆነ?»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ሳትቀንሺ።»

ብፅዓት ክንዷን ያዘቻትና፣ እሁድ ጠዋት ሀብተወልድ ማልያውን ለብሶ ከቤት ከወጣበት ጀምራ፣ እየሄዱ ነገረቻት።