የንጋቷ ጠባሳ

በዚያ ዘመን ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ፎቶ ተነስቶ መልኩን ያልወደደ ሰው አልነበረም። ምስጋናው ለይስሐቅ ነው፤ ለይስሐቅ ምላጭና እርሳስ።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት አቶ ወልደጻድቅ ከፊተኛው ክፍል ጭንቅላታቸውን ጥቁር ጨርቅ ውስጥ ከትተው «እንዳይንቀሳቀሱ!» ይላሉ። ሰዉ አንሺው እሳቸው ይመስሉታል። ዋናው ሥራ የሚሠራው ግን ከጓሮ፣ መስኮቱ ሥር ነው። ይስሐቅ ነጋቲቩን ብርሃን በሚያሳልፍ መስታወት ላይ ያጋድምና አፍንጫው እስኪነካው ድረስ ይደፋበታል። በነጋቲቭ ላይ ነገሩ ሁሉ የተገላቢጦሽ ነው፣ ጥቁሩ ነጭ ነጩ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ፊቱ እንዲቀላለት የሚፈልግን ሰው በእርሳስ ማጥቆር ያስፈልጋል። የጠቆረ ማድያት በእርሳስ ጫፍ ነካ ነካ ሲያደርጉት ይጠፋል። የሚያብረቀርቅ ጠባሳ ደግሞ በምላጭ ይፋቃል። እርሳስ ቢሳሳቱበት በጥጥ ይጠረጋል፤ ምላጭ የፋቀው ግን ላይመለስ ሄደ ማለት ነው።

ከተማው ይህን ሥራ «ማጥራት» ይለዋል። የቴፒ የቡና ለቃሚ ይምጣ የሸኮ ገበሬ፣ ከዚያ ቤት ሲወጣ ፊቱ ቀላ፣ አፍንጫው ሰልከክ ብሎ ነው። የቀበሌው አብዮት ጠባቂ መታወቂያውንና ባለቤቱን እያፈራረቀ ያይና «ይሄ አንተ ነህ?» ሲል፣ ገበሬው ኮራ ብሎ «ጥርት ብዬ ነዋ የተነሳሁት!» ይላል። አብዮት ጠባቂውም ያሳልፈዋል። የእሱስ ፎቶ ከየት ወጣና!

ይስሐቅ ራሱ የአገሩ ልጅ ነው። ከሚዛን በላይ፣ የሁለት ሰዓት ዳገት ከወጡ በኋላ ከሚገኝ የቤንች መንደር፣ ከቡና ጥላ ሥር የወጣ። ጠይም ነው ብለው የሚያባብሉት አሉ፤ ጥቁር ነው። አፍንጫው ሰፋ፣ የታች ከንፈሩ ወፈር ያለ፣ ቁርጥ እናቱን። ፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ የእሱም ፎቶ ተሰቅሏል። ደንበኞች አይተውት «ወንድምህ ነው?» ይሉታል። እሱም «አዎ» ይላል። ማንም ያስገደደው የለም፣ እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር፤ ወዶ ነው። አማርኛውን አጥርቷል፣ ፊቱንም አጥርቷል፣ ከዚያ ወዲያ ምን ቀረው?

እናቱን ንጋቷን በስልሳ ሦስት ዓመቷ ገደማ፣ በ1974 ዓ.ም.፣ ለገበያ ወርዳ ሳለ ፎቶ ቤት አስገባት። ከዚያ በፊት ፎቶ ተነስታ አታውቅም። በግራ ጉንጯ ላይ ከዓይኗ ሥር እስከ አፏ ጥግ የሚወርድ ጠባሳ ነበራት። ታሪኩን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። ይስሐቅ የስምንት ወር ልጅ ሳለ፣ በክረምት፣ አዝላው ቁልቁለት ስትወርድ ጭቃው አንሸራተታት። የወደቀ ሰው እጁን ያስቀድማል። እሷ ግን ሁለት እጇ ከኋላ ልጁን ይዟል፤ አልለቀቀችም። የተቆረጠ የቡና ጉቶ ላይ በፊቷ ወደቀች። ልጁ ጭረት እንኳ አልነካውም።

ይኸው ልጅ ነው ነጋቲቩን መስታወቱ ላይ አጋድሞ፣ ስለ ማታው እራቱ እያሰበ፣ ፊቷን በእርሳስ አቅልቶ፣ ጠባሳውን በምላጭ ፍቆ የጣለው። ክፋት አልነበረበትም። እጁ ለምዷል፤ ጠባሳ አየ፣ ፋቀ።

ንጋቷ ፎቶውን ተቀብላ ብዙ አየችው። ከዚያ በቤንች ቋንቋ «ይቺ ሴትዮ ማናት?» ብላ ጠየቀች።

ይስሐቅ ሳቀ። «አንቺ ነሽ እንጂ፣ እማ! አታምሪም?»

መጀመሪያ የራሷን ጉንጭ በመዳፏ ዳበሰች፤ ቀጥሎ የፎቶውን።  በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ዘንቢሏ ውስጥ ከተተችና ዳገቷን ወጣች። ይስሐቅ ያን ቀን ነገሩን እንደ ቀልድ አለፈው።

በተከታዩ ዓመት ሞተች። ጸሎት ቤታቸውን መንግሥት አሽጎት ነበርና ለቅሶው ከቤቷ ደጃፍ ሆነ። ከከተማ የመጡት ሴቶች በከተማው ልማድ ፎቶዋን ከፍ አድርገው ይዘው «ንጋቷ! ንጋቷ!» እያሉ ዞሩ። የንጋቷ ታላቅ እህት፣ ወገቧ የጎበጠ አሮጊት፣ ፎቶው ፊቷ ላይ ሲደርስ ልቅሶዋን አቋረጠች።

«ይቺ ደግሞ የማን ሚስት ናት?» አለች። «የእህቴን አምጡልኝ እንጂ!»

ሴቶቹ «እሷው ናት» አሏት። አሮጊቷ ፎቶውን በእጇ ገፋ አደረገችና ጀርባዋን ሰጥታ አለቀሰች። ይስሐቅ ያን ጊዜ መሬት ብትውጠው በወደደ። ከቀብሩ መልስ ፎቶ ቤት ገብቶ ነጋቲቩን ከሣጥን ፈልጎ አወጣ። የእርሳሱን በጥጥ ጠረገው፤ ጥቁረቷ ተመለሰ፣ አፍንጫዋም ተመለሰ። ሲያትመው ግን ጠባሳው ከነበረበት አንድ የጠቆረ እድፍ ብቻ ወጣ፣ ጉንጯ የበሰበሰ ይመስል። ሁለተኛ አላተመውም። ሌላ ፎቶ ደግሞ የላትም።

በነሐሴ 1976 ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ከተማው ተጨናነቀ። ይስሐቅ የሻይ ቤትና የጠጅ ቤት ሰሌዳም ይጽፍ ስለነበር፣ የበዓሉ ኮሚቴ ኃላፊ ጓድ ተረፈ ፎቶ ቤት ድረስ መጥቶ የተጠቀለለ ፖስተር ሰጠው። ከጅማ የሚመጣ መኪና ሁሉ በሚያየው የስብሰባ አዳራሽ ግድግዳ ላይ አራት ሰው እንዲስል ታዘዘ። ወዛደር፣ ወታደር፣ ተማሪ፣ እና ቡና የምትለቅም ገበሬ ሴት።

ሦስቱን ከፖስተሩ ገለበጠ። ወዛደሩ እዚህ አገር ታይቶ የማይታወቅ ጡንቻ ነበረው፤ ምን አገባው፣ እንዳለ ሳለው። ሴትዮዋ ላይ ሲደርስ ግን ፖስተሩን ጠቅልሎ አስቀመጠው። እናቱን ሊስል ነው። የፋቃትን መልሶ ሊያመጣት፣ ደግሞም ለሁሉ በሚታይ ቦታ።

አልመጣለትም። ዓይኑን ጨፍኖ ሲያስባት ትታየዋለች፤ ብሩሹን ሲያነሳ እጁ የፖስተሯን ሴት ይስላል። አፍንጫው ቀጥ፣ ከንፈሩ ሳሳ፣ ቀለሙ ቀላ። ሦስት ቀን እየሳለ አጠፋ። በአራተኛው ቀን የጢም መላጫ መስታወቱን አምጥቶ በሚስማር ግድግዳው ላይ ሰቀለና ራሱ ላይ ሻሽ አሰረ። ቁርጥ እናቱን አይደል የሚሉት? እንግዲያው ከዚህ ትውጣ። ጠባሳውንም በከሰል ጉንጩ ላይ አሰመረው። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ሳቀበት፤ «ይስሐቅ ለየለት!» አለ። እሱ አልሰማም።

ሠላሳ ዓመት አልፎት ፊቱን ገና አሁን ማየቱ ነው። እጁ በየጊዜው ሊያጠራ ሲነሳ «ተው!» ይለዋል፣ ጮክ ብሎ፣ በሬ እንደሚገስጽ ገበሬ። አፍንጫውን ባለበት ስፋት አስቀመጠው። ጥቁረቱን ያገኘው ከቡናማ፣ ከሰማያዊና ከመንገዱ ከዘገነው ቀይ አፈር ቀይጦ ነው። ዝናቡ ሲመጣ በሸራ እየከለለ፣ ሲያባራ እየገለጠ፣ በዘጠኝ ቀን ጨረሳት። ጠባሳውን ሲስል አለቀሰ። ንጋቷ ከነጠባሳዋ፣ የቡና ዘንቢሏን ይዛ፣ ከግድግዳው ላይ ቁልቁል አየችው። እሱም ነበር እሷም ነበረች።

በዚያው ቀን ወደ መንደር በሚመለስ ገበያተኛ ለእህቱ ለአማረች መልእክት ላከ። «ለበዓሉ ልጅሽን ይዘሽ ውረጂ። እማን ታያታለሽ፤ ራሷን።»

በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ጓድ ተረፈ ሥራውን ሊያይ መጣ። አቶ ወልደጻድቅም ባርኔጣቸውን አውልቀው ከኋላው ተከትለዋል። ተረፈ ወዛደሩን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ወታደሩን አይቶ ደስ አለው። ሴትዮዋ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ይቺ ማናት?»

ይስሐቅ «እናቴ ናት» ሊል ነበር፤ ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ሆነ፦ «ጭቁን ገበሬ ሴት ናት፣ ጓድ።»

«የምን ጭቁን! ጭቆናው ቀርቷል! አሥረኛ ዓመት እኮ ነው የምናከብረው። እንግዶቹ ከጅማ መጥተው ይቺን ሲያዩ ምን ይላሉ? አሥር ዓመት ሙሉ ምን ሠራችሁላት አይሉም? ጠባሳውን ማን አደረገባት ይላሉ።» ጠጋ አለና ከግድግዳው ወደ ይስሐቅ፣ ከይስሐቅ ወደ ግድግዳው አየ። «ቆይ፣ ቆይ። አንተን ትመስላለች። የሰፊውን ሕዝብ ግድግዳ ለራስህ መልክ አዋልከው እንዴ?»

ይህች ጥያቄ በዚያ ዘመን የት እንደምታደርስ ሁሉም ያውቃል። አቶ ወልደጻድቅ እጃቸው ላይ ያለችውን ባርኔጣ ጨምድደው ቶሎ ጣልቃ ገቡ። «ያጠራታል፣ ጓድ። ለማጥራት እንደሱ ያለ ከጅማ ወዲህ የለም።»

«ለነገ ትጥራ» አለ ተረፈና ሄደ።

አቶ ወልደጻድቅ ወደ ኋላ ቀረት ብለው «አንተ ልጅ፣ ለአንድ ግድግዳ ብለህ ራስህን አታስበላ» አሉት። መምከራቸው ነው፤ ክፉ ሰው አልነበሩም።

እምቢ አለ፣ ብሩሹን ወረወረ ብዬ ባወራላችሁ ደስ ባለኝ። አላለም፣ አልወረወረም። ሻሹን አላሰረም፣ መስታወቱንም አልሰቀለም፤ ለዚህ ሥራ መስታወት አያስፈልገውም። በመጀመሪያ ጠባሳውን ሸፈነ። ከዚያ ጉንጩን አቀላ፣ አፍንጫውን ከግራና ከቀኝ ጠበብ ጠበብ አደረገ፣ ከንፈሩን አሳሳ። ዘጠኝ ቀን የፈጀው ነገር ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አለቀ። እጁ መንገዱን አውቆት ሄደ። ይስሐቅን ያሳመመው ትእዛዙ ሳይሆን የእጁ ቅልጥፍና ነው፤ እጁን ጠላው። ሲጨርስ ጓድ ተረፈ መጥቶ «እንዲህ ነዋ!» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

አማረች እንዳትወርድ መልእክት ሊልክላት ገበያተኛ ፈለገ። ለበዓሉ ሁሉም ወደ ከተማ እየወረደ እንጂ ወደ መንደር የሚወጣ አልነበረም።

መስከረም ሁለት ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጣች። አማረች ነጠላዋን አጣፍታ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና፣ አምስት ዓመት የሆናትን ልጇን ማርያምን በእጇ ይዛ ከሰልፈኛው መሀል ብቅ አለች። ይስሐቅ ሊደበቅ አስቦ ነበር፤ ቀድማ አየችው። እህቱ ወንድሟን ሳመችው፣ ወዲያው ዓይኗ ወደ ግድግዳው ሄደ። ከወዛደሩ ጀምራ አንድ በአንድ አየች። ሴትዮዋ ላይ ደረሰች፣ አልፋት ሄደች፣ ግድግዳው አለቀባትና ተመለሰች።

«የታለች?» አለችው።



ያኔ ነው ማርያም የእናቷን እጅ አስለቅቃ ወደ ግድግዳው የሮጠችው። «አያቴ!» ብላ ጮኸች። «እማ፣ አያቴ እኮ ናት! የቤታችን አያቴ!» አያቷ ስትሞት የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ የምታውቃት ቤታቸው ምሰሶ ላይ ከተሰቀለው ፎቶ ነው። ደስ ብሏት የሴትዮዋን የቀሚስ ጫፍ በትንሽ መዳፏ ዳበሰች። ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበርና እጇ ላይ መጣ። ይስሐቅ ከልጅቷ ወደ ግድግዳው አየ። እውነቷን ነው። ሳያስበው ያችኑ የፎቶዋን ሴት፣ ልክ እንደዚያው፣ ደግሞ ስሏታል።

«አያትሽ እንዲህ አልነበረችም» አላት። «ማርያም፣ ነይ ከዚያ። እሷ አይደለችም።»

«ናት!» አለች ልጅቷ ተቆጥታ።

«ተዋት» አለች አማረች። «ምን ብለህ ነው የምታስረዳት? እኔም እኮ አሁን አሁን ስፈልጋት ፎቶው ነው የሚመጣብኝ። ባለፈው በሕልሜ መጣች፤ ጉንጯ ልሙጥ ነበር። አላወቅኳትም፣ ገስጬ አባረርኳት።»

ሰልፉ እየዘመረ ከአጠገባቸው አለፈ። አማረች እስኪያልፍ ጠበቀችና የወንድሟን አገጭ ይዛ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዞረችው። ብዙ አየችው፤ ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ የታች ከንፈሩን። ዓይኗ እንባ ሞላ። በአውራ ጣቷ ከግራ ዓይኑ ሥር ጀምራ እስከ አፉ ጥግ ድረስ ቀስ ብላ አሰመረች።

«እዚህ አለች» አለች። «ጠባሳው ብቻ ነው የጎደለህ።»