በዱጋ የቀሩት ሁለት ጀልባዎች

ግርጉር ከአልጋው ሲወርድ እግሩ ወለሉን ሳይሆን ውሃ ረገጠ። የባሕር ውሃ ነው። እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይደርሳል፤ ቅዝቃዜው አጥንት ይቆረጥማል። ማታ አልጋው ሥር ያስቀመጠው ጫማ ተንሳፍፎ ደረጃው ጋ ደርሷል።

"ማሬታ፣ ምን ሆንሽብኝ?" አላት ጀልባዋን።

ማሬታ ሃምሳ ዓመት ያለፋት ባለ ሸራ ጀልባ ናት። ሦስት ሳምንት የብስ ላይ አውጥቶ ሲጠግናት ከርሞ ባሕር ላይ ያወረዳት ገና ትናንት ከሰዓት በኋላ ነበር። የውሃ ማውጫውን ፓምፕ ማብሪያ ተጫነ። ፓምፑ አጉረመረመ እንጂ ጠብታ አልተፋም፤ ከጥገናው የተረፈ የእንጨት ፍቅፋቂ ጉሮሮውን ዘግቶታል።

ግርጉር ሠላሳ አንድ ዓመት በመንገደኛ መርከቦች ሞተር ክፍል ውስጥ የሠራ ሰው ነው፤ የት መፈለግ እንዳለበት አልጠፋውም። ደረጃውን አንስቶ የሞተሩን ክዳን ከፈተና እጁን ወደ ታች ሰደደ። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የባሕር ውሃ የሚገባበት የጎማ ቱቦ፣ ትናንት በገዛ እጁ የቀየረው አዲሱ ቱቦ፣ ከቧንቧው ወልቋል። ባሕሩ የአውራ ጣት ውፍረት ባለው ቀዳዳ እየተገፋ ይገባል። የቧንቧውን መዝጊያ ይዞ ጠመዘዘ፤ እምቢ አለው። ጥርሱን ነክሶ ደገመው። እጀታው ተሰብሮ እጁ ላይ ቀረ።

ከናቴራውን አውልቆ ጠቀለለና ቀዳዳው ውስጥ ወተፈው፤ በመዳፉም ተጭኖ ያዘው። ውሃው ቆመ። መዳፉን ሲያነሳ ጨርቁ ተፈናጥሮ ወጣ። እንደገና ወተፈ፤ እንደገና ተጫነ።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባው። እጁን ካነሳ ጀልባዋ ትሰጥማለች። ካላነሳ ደግሞ ውሃውን መቅዳትም፣ የእንጨት ውታፍ መፈለግም፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የመገናኛ ራዲዮ መድረስም አይችልም። ራዲዮው ሁለት እርምጃ ብቻ ነው የሚርቀው።

መጣራት ይችላል። ቢጣራ ግን የሚሰማው አንድ ሰው ብቻ ነው።

በሙቀቱ ወራት በደሴቲቱ ዱጋ ወደብ ውስጥ ጀልባ ማሰሪያ ቦታ ይጠፋል። ኅዳር ሲገባ ግን ምግብ ቤቶቹ መስኮታቸውን ይቸነክራሉ፤ ሰዉ ወደ ዛዳር ከተማ ይሻገራል፤ በወደቡ የሚቀሩት ሁለት አሮጌ ጀልባዎች ብቻ ናቸው። አንዷ ማሬታ ናት። ሁለተኛዋ በወደቡ ማዶ ጫፍ የታሰረችው የኔዲልካ ጀልባ፣ ስላና ናት። ግርጉርና ኔዲልካ ሲተላለፉ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ እንጂ ከተነጋገሩ ሁለተኛ ክረምታቸውን ይዘዋል።

ጥፋቱ የግርጉር ነበር። በየእሁዱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በየደሴቱ ያሉ የአሮጌ ጀልባ ባለቤቶች ራዲዮ ላይ ይገናኛሉ። ማን ምን ሰበረ፣ ማን በምን ጠገነው፣ ማን የት ተላተመ፣ ይህንኑ ያወራሉ፤ ይሳሳቃሉ፤ ይመካከራሉ። ግርጉር በዚያ ሸንጎ ዳኛው ነበር። ለሌላው ስብራት ሁሉ ፍቺ ይሰጣል፤ የራሱን ግን አንድም ቀን አውርቶ አያውቅም። አንድ እሁድ ኔዲልካ የጀልባዋን መሪ ስትገጥም አንዱን ቀለበት ገልብጣ እንዳስገባችው፣ ጀልባዋም መንገደኛ መርከብ ፊት እንዳበደ በሬ ስትሽከረከር እንደዋለች እየሳቀች ተናገረች። ግርጉር የራዲዮውን መናገሪያ አነሳና፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ጀልባውን ሽጪና ዶሮ አርቢበት። ዶሮ መሪ የለውም" አላት። ሁሉም ሳቀ። ኔዲልካም ሳቀች። ከዚያ እሁድ ወዲህ ግን ድምፅዋ ራዲዮ ላይ ተሰምቶ አያውቅም።

ያን እሁድ አሰበ። ክንዱ እስከ ትከሻው ጠልቆ፣ ደረቱ የሞተሩ ብረት ላይ ተደፍቶ፣ ሌላ መላ ካለ ብሎ ጠበቀ። ጣቶቹ ደነዘዙ። ቀስ በቀስ ጨርቁን መያዙንና አለመያዙን መለየት አቃተው። ይህኔ ፈራ። የፈራው ሞትን አይደለም፤ ወደቡ ጥልቀቱ ሦስት ሜትር ነው፣ ወጥቶ መሄድ ይችላል። ወጥቶ የት እንደሚሄድ ግን አያውቅም። የዛዳሩን ቤት ከሚስቱ ጋር ሲፋቱ ለሷ ትቶላታል። ልጁ አየርላንድ ናት። ያለው ቤት ይኸው ነው።

"ኔዲልካ!" አለ።

ድምፁ አልወጣም። ጉሮሮውን ጠረገ።

"ኔዲልካ! ኧረ ኔዲልካ!"

ስንት ጊዜ እንደተጣራ አላስታወሰም። መጨረሻ ላይ የመሸጋገሪያው ጣውላ ሲንጣጣ ሰማ፤ ቀጥሎ ከበላዩ የጎማ ቡትስ መጣ። ኔዲልካ ስልሳ ዓመት የሞላት፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ፀጉሯን በወንድ ባርኔጣ የምትሰውር ሴት ናት። አንገቷን አስግጋ አየችው፤ ውሃውን አየች።

"ቀዳዳው ስንት ነው?" አለች።

"የአውራ ጣት ያህል። መዝጊያው ተሰብሯል።"

ሌላ አልጠየቀችም። ሮጣ ሄደች። ስትመለስ አንድ ባልዲ፣ መዶሻና ሦስት የእንጨት ውታፎች ይዛለች። ከጎኑ ውሃው ውስጥ ተንበረከከች።

"ስቆጥር እጅህን አውጣ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!"

ውሃው ፊቷ ላይ ፈነዳ። የመጀመሪያው ውታፍ ቀጠነ። ሁለተኛውን ሰክታ በመዶሻ ሁለቴ መታችው፤ ቀዳዳው ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ወሬ አልነበረም። እሷ ባልዲውን እየሞላች ታቀብለዋለች፤ እሱ ወደ ውጭ ይደፋል። ክንዱ ደንዝዞ ስለነበር ግማሹን ራሱ ላይ ያፈሰዋል። ፓምፑን አወጣችው፤ ፍቅፋቂውን በጥፍሯ ጎልጉላ መለሰችው። ፓምፑ ተፋ። ወለሉ መታየት ሲጀምር እኩለ ቀን ሆኖ ነበር።

ኔዲልካ ባትሪዋን አበራችና የወለቀውን ቱቦ አንስታ አየችው። አገላብጣ ለብዙ ጊዜ አየችው።

"ይሄን ማጥበቂያ ማን ነው ያጠበቀው?"

"እኔ ነኛ። ማን ሊሆን ነው?"

"ቧንቧው ላይ አላጠበቅከውም እኮ። ባዶ ጎማውን ነው ያነቅከው። ቧንቧው ጋ ለመድረስ ገና ሁለት ጣት ይቀረዋል።"

"ጨለማ ነበር።"

"ባትሪ የለህም?"

ኔዲልካ ቱቦውን አስቀመጠችና እጇን ፊቱ ፊት አነሳች።

"ስንት ጣት ነው?"

"አትቀልጂብኝ።"

"አልቀለድኩም። ስንት ነው?"

"ሦስት" አለ ግርጉር፤ በግምት ነው።

ኔዲልካ እጇን አወረደች። ትክክል ነህም፣ ተሳስተሃልም አላለችውም። ባልዲዋንና መዶሻዋን ሰበሰበች። ግርጉር ይቅርታውን ከየት መጀመር እንዳለበት ጨነቀው። መደርደሪያው ላይ ውሃ ያልነካው ግማሽ ጠርሙስ ራኪያ፣ የፍራፍሬ አረቄ፣ ነበርና አነሳው።

"ትንሽ ያዢ። በርዶሻል። ሰርዲንም አለኝ፣ ዳቦ ብቻ ነው የ…"

"የመጣሁት ለጀልባዋ ነው" አለች ኔዲልካ ደረጃውን እየወጣች። "ጀልባ ሲሰጥም ቆሜ ማየት አልችልም። ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ።"

"አይመስለኝም" አለ።

ጣውላው ተንጣጣ። እርምጃዋ በወደቡ ድንጋይ ላይ እየራቀ ሄደ።

ግርጉር እርጥቡን ፍራሽ ወደ ውጭ አውጥቶ ሰቀለ። ሰርዲኑን ከቆርቆሮው ቆሞ በላ። ልብሱን ቀየረ፤ ደረቅ ሆኖ የተገኘው የሠርግና የለቅሶ ሱፉ ብቻ ስለነበር እሱኑ ለበሰ። ዕለቱ እሁድ ነበርና፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሱፍ ለብሶ፣ ባዶ እግሩን፣ ራዲዮው ሥር ተቀመጠ። እንደ ወትሮው ሸንጎውን የከፈተው የሲልባ ደሴቱ ቪትስኮ ነበር። የቢዮግራዱ ቶማዝ ምሰሶው ጫፍ ላይ ያለው መብራት እምቢ እንዳለው፣ ሊጠግን ወጥቶ ካቻቢቴውን ባሕር ውስጥ እንደጣለ፣ ሁለተኛ ካቻቢቴ ይዞ ወጥቶ እሱንም እንደጣለ ተናገረ። ተሳቀ።

"ጋሼ ግርጉር፣ እስቲ ፍረዱኝ፣ ሦስተኛውን ይዤ ልውጣ ወይስ ልተወው?" አለ ቶማዝ።

ግርጉር የራዲዮውን መናገሪያ አፉ አጠገብ ያዘ። መልሱ አፉ ላይ ነበር። በገመድ እሰረው፣ አንተ ደንቆሮ ሊል ነበር።

"ዛሬ ጠዋት ማሬታ ልትሰጥም ነበር" አለ።

መናገሪያውን ሳይለቅ ቀጠለ።

"ቱቦ ቀይሬ ማጥበቂያውን አየር ላይ ነው ያሰርኩት። ቧንቧውን አልያዘውም። መዝጊያውንም ሰበርኩት። ሁለት ሰዓት ሙሉ እጄን ቀዳዳ ውስጥ ሰክቼ ተቀመጥኩ። ያዳነችኝ ኔዲልካ ናት። የመሪዋን ቀለበት ስትገለብጥ የሰደብኳት ኔዲልካ። እሷ ብትገለብጠውም ዓይኗ እያየ ነው፤ ስህተቷንም ራሷ ናት ያገኘችው። እኔ ግን አላየሁም። ዓይኔ አያይም። ከፋሲካ ወዲህ ሁለቱም ሞራ ለብሰዋል።"

መጀመሪያ የተናገረችው የፓሽማኗ ካርሜላ ናት፤ ጡረታ የወጣች ነርስ ነች።

"አንተ ሰውዬ፣ የዓይን ሞራ እኮ ዛሬ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው! ምን ያስጠብቅሃል?"

"ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ሰጥተውኛል። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የሚያሳድርህን ሰው ስምና ስልክ ጻፍ ይላል ወረቀቱ። ያንን ካልሞላህ አይቀበሉህም።"

"ታዲያ ሙላዋ!"

"የምሞላው የለማ፣ ካርሜላ።"

ማንም አልሳቀም። ከዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ ተናገሩ። ቪትስኮ እኔን ጻፍ አለ፤ ግን ሲልባ ላይ ነው፣ መርከብ የሚያገኘው በሦስት ቀን አንዴ ነው። ቶማዝ እኔ አለሁ አለ፤ ወዲያው ደግሞ ከፊታችን ሳምንት ጀምሮ ለሥራ ወደ ጀርመን እንደሚሄድ ትዝ አለው። ካርሜላ ጉልበቷ ከቤት አያስወጣትም። ግርጉር ሁሉንም አመሰገነ። የስላና ድምፅ አልተሰማም። ኔዲልካ ራዲዮዋን እንደዘጋች ወይም ከፍታ እንደምትሰማ ማወቅ አይቻልም።

"ኔዲልካ፣ ካለሽ ተናገሪ" አለ ቪትስኮ።

ራዲዮው አንሾካሾከ እንጂ ማንም አልመለሰም። ቪትስኮ ትንሽ ጠብቆ ሸንጎውን ዘጋ።

ግርጉር ነገ ወደ ኔዲልካ እሄዳለሁ ብሎ አሰበ፤ ሲነጋ መነጋገር ይቀላል። ነገ ግን ሱፉን አውልቆ፣ ፍራሹ ደርቆ፣ ወለሉ ተወልውሎ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው እንደሚሆን ራሱን ያውቀዋል። ከባሕር ካርታዎቹ መሐል የታጠፈውን የሐኪም ቤት ወረቀት አወጣ። እርጥብ ጫማውን አጠለቀና ከጀልባዋ ወረደ።

ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ እሱ ግን የወደቡን ጠርዝ እንደ ነጭ ጭጋግ ነበር የሚያየው። በእግሩ እየዳሰሰ፣ የማሰሪያ ብረቶቹን እየተደገፈ ሄደ። ስላና ጋ ሲደርስ የጭስ ማውጫዋ ይጤሳል፤ የተጠበሰ ሽንኩርት ይሸታል። የጀልባዋን ጎን በጣቱ አንጓ መታው።

"ምን ፈለግክ?" አለች ኔዲልካ ከውስጥ።

"ስለ ዶሮው ነገር…"

"ዶሮውን ተወው።" ብቅ አለች። በሱፉ ላይ ዓይኗ ቆመ። "ማን ሞተ?"

"ማንም። ደረቅ ልብስ አጥቼ ነው።" ወረቀቱን አውጥቶ አሳያት። "ሰምተሽ ከሆነ አውቀሽዋል። ካልሰማሽ ደግሞ ልንገርሽ። የሚያሳድረኝ ሰው ስም ጻፍ ብለውኛል። አንድ ሌሊት ነው። ያንቺን ልጻፍ ብዬ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። እምቢ ብትዪም አልቀየምም።"

ኔዲልካ ባርኔጣዋን ወደ ኋላ ገፋች። ውሃው በሁለቱ መሐል ድንጋዩን ይልሳል።

"የቱ ጋ ነው የሚጻፈው?" አለች።

"ታች ነው መሰለኝ። መስመር አለ።"

እጇን ዘረጋች።

"አምጣው። እኔው እጽፈዋለሁ፤ አንተ ብትጽፈው አየር ላይ ነው የምትጽፈው።"

ግርጉር ወረቀቱን ለመስጠት ጎንበስ አለ፤ የጀልባዋን ጠርዝ ግን በግራ እጁ ፈልጎ አጣው። ቆም አለ። ከዚያም ባዶውን እጁን ወደ እሷ ዘረጋና፣

"ያዢኝ፣ አይታየኝም" አላት።