ከቅጣት ሳጥኑ በላይ ያለው ወንበር

በዱናቭ ከተማ የበረዶ ሆኪ አዳራሽ ወንበር የሚታወቀው በብርድ ልብስ ነው። ጥቅምት ላይ ሰው ብርድ ልብሱን ያነጥፋል፤ የበረዶው ወራት እስኪያልቅ ማንም አይነካበትም። ደንቡ አንድ ነው፤ ባለቤቱ በሜዳችን በሚደረጉ ሦስት ተከታታይ ጨዋታዎች ካልተቀመጠበት፣ ብርድ ልብሱ ታጥፎ ወደ ቤቱ ይላካል፣ ወንበሩም ለሌላ ይሰጣል።

ኦረስት ሃቭሪሉክ ያጠፋ ተጫዋች ከሚቀመጥበት ከእንግዳው ቡድን የቅጣት ሳጥን በላይ አረንጓዴ ብርድ ልብሱን ባነጠፈ በሳምንቱ ሞተ። ወንበሩ ሁለት ጨዋታ ባዶውን አሳለፈ።

ሚስቱ ቬርና በከተማው ትምህርት ቤት ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማረች ሴት ናት። ሆኪን «ትልልቅ ሰዎች በረዶ ላይ አንዲት ክብ ጎማ ሲያባርሩ ጥርሳቸውን የሚያራግፉበት» ትለዋለች። በአርባ ዓመት ትዳር አዳራሹን ረግጣ አታውቅም፤ ኦረስትም ነይ ብሎ አልነዘነዛትም።

በሦስተኛው ጨዋታ ቀን ጠዋት የአዳራሹ ኃላፊ ሎርን ፔትሪሺን ሚስቱ የሠራችውን ፔሮጊ፣ ድንች የተሞላ ቅቅል ሊጥ፣ በሳህን ይዞ መጣ። ድምፁን አለስልሶ ነበር።

«ብርድ ልብሱን ነገ እኔው አመጣልሻለሁ፣ ቬርና። አንቺ እንዳትደክሚ።»

«ወንበሩን ለማን ልትሰጠው ነው?»

«የልጄ ባል ፈልጎታል። ያ ቦታ እንደምታውቂው ድምፅ ይፈልጋል። የተቀጣ ሲመጣ በስድብ የሚቀበለው እዚያ የተቀመጠው ነው። ኦረስት ከሄደ ወዲህ አዳራሹ ዱዳ ሆኗል።»

«ጨዋታው ስንት ሰዓት ይጀምራል?»

ሎርን ሳቀ። «አንቺ ሆኪ ልታዪ?»

«ወንበር ላይ ልቀመጥ ነው። መቀመጥ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቅበታለሁ።»

ማታ ካፖርቷን እንደለበሰች ሄዳ ብርድ ልብሱ ላይ ተቀመጠች፤ መጽሐፏንም ገለጠች። ሰዎች እየመጡ ትከሻዋን ዳበስ አደረጓት። አመሰገነቻቸውና ወደ ገጿ ተመለሰች። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እንዲህ አለቀ። ቀና ብላ አላየችም።

በሁለተኛው ላይ ፉጨት ተሰማ። ከእንግዳው ቡድን አንድ ጢማም፣ በር የሚያህል ሰው፣ የእኛን ልጅ ቁርጭምጭሚት በዱላው መትቶ ሁለት ደቂቃ ተቀጣ። እየተንሸራተተ መጥቶ ከቬርና እግር ሥር ካለው ሳጥን ገባ። ሰው ሁሉ የሚያየው እሷን ነበር። ሎርን ከታች ሆኖ የሴት ልጁን ባል ጠቀሰው።

የተቀጣው ሰውዬ አንገቱን ቀና አድርጎ መጽሐፏን አየ።

«እማማ፣ መንገድ ጠፋብዎት እንዴ? ቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ነው!»

የእንግዳው ደጋፊ በሳቅ ፈነዳ። ቬርና ፊቷ ጋለ። ከቀብሩ ወዲህ ሰው ሁሉ እንደሚሰበር ዕቃ ሲይዛት ከርሟል። ይህ ሰው ግን ሰደባት። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ደስ አላት።

መጽሐፉን ዘጋችና ተነሣች።

«መንገድ የጠፋበት ዱላህ ነው! ጎማዋ በግራ፣ እሱ የሰው እግር ውስጥ! ሠላሳ ዓመት እንዳንተ ያለውን ጥግ አቁሜያለሁ፤ እንኳን ሁለት ደቂቃ፣ ሁለት ዓመት ቢቆም የማይገባው ነበረ። ጀርባህን አቅና!»

ጢማሙ ሳያስበው ጀርባውን አቀና። አዳራሹ ጣሪያው እስኪነቃነቅ ጮኸ።

አንዴ አፏን ከከፈተች በኋላ ሌላ የምታደርገው አልነበራትም፤ ያንን ሁለት ደቂቃ ማየት ነበረባት። አየችም። እሱ እስኪወጣ አንድ ሰው የጎደላቸው አራቱ የእንግዳው ቡድን ተጫዋቾች የእሱን ቦታ ለመሸፈን ይዘረጋሉ፣ ይሰበሰባሉ፣ እንደገና ይዘረጋሉ፤ ጉድለቱ ግን አብሯቸው ይዞራል እንጂ አይሞላም። ዓይኗን መንቀል አቃታት።

«በግራ!» ስትል ራሷን ሰማች። «በግራ ክፍት ነው፣ አታዩም እንዴ!»

ጎማዋ በግራ ሄደች። በረኛው ሲወድቅ አየችው፣ መረቡም ተነቃነቀ፤ ቬርናም የማታውቃትን ሴት አንገት አቅፋ ይዛ ነበር።

ያም ሆኖ አራት ለሦስት ተሸነፍን። የመጨረሻውን ጎል ዳኛው ማጽደቅ አልነበረበትም፤ ቬርናም ይህንኑ ወደ መልበሻ ክፍሉ እስኪገባ ድረስ እየተከተለች ነገረችው።

ሎርን በሩ ላይ ጠበቃት።

«ደንቡን አሟልተሻል፤ ወንበሩን የሚነካብሽ የለም። ግን እስቲ ለራስሽ አስቢ፣ ድምፅሽ ተዘግቷል እኮ። ሆኪ እንደሆነ አትወጂ።»

«የቅዳሜው ጨዋታ የት ነው?»

«ቅዳሜማ እነሱ ሜዳ ነው። የውጭ ጨዋታ አይቆጠርም፤ መምጣት አይጠበቅብሽም።»

«የሚጠበቅብኝን አልጠየቅኩህም። አውቶቡሱ መቼ ነው የሚነሣው?»

«ስምንት ሰዓት።» ሎርን ራሱን አከከ። «ቬርና፣ እዚያ ለእንግዳ ደጋፊ መቀመጫ የላቸውም።»

«ቆሜ አያለኋ!» አለችውና ወደ መኪናዋ ሄደች።